«ጨዋታ ነው እኮ» ማለት ይብቃን

 

ባለፈው ክረምት ኮዬ ፈጬ ውስጥ በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ የዳማና የቼዝ ውድድር ተካሂዶ ነበር። ያዘጋጁት የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። ቦታው የጋራ መገልገያ ቤቱ ነው፤ ለቅሶም ሰርግም ስብሰባም የሚስተናገድበት አዳራሽ። ከጀመዓችን ሰባት ሆነን ተመዝግበን ሄድን፤ አራት ወንድሞችና ሦስት እህቶች። የመመዝገቢያው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የተያዘውም ለአዳራሹ ወንበርና ለውኃ ነበር። ዋንጫውን ደግሞ አንድ የሰፈሩ ባለሱቅ ሰጥቷል። ጠዋት እየሳቅን ገባን፤ ማታ ተኮራርፈን ወጣን። ከሰባታችን አንዷ፣ ከሁላችንም አብልጣ የምትጫወተው፣ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሰሌዳ ፊት አልተቀመጠችም። ይህን የምንጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው፤ ስሟን ግን አንጠቅስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሦስተኛው ዙር እህታችን ከሰፈሩ ልጆች አንዱን ገጠመች። ልጁ ጨዋ ነው። ሰላም ብሏት ተቀመጠ፣ ጠጠሮቹን አስተካከለ፣ ጨዋታው ተጀመረ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ንግሥቱን ተበላ። ያኔ ከኋላው ከተሰበሰቡት ተመልካቾች አንዱ «ጅልባቧ ውስጥ ማዳመጫ አለ፤ እየተነገራት ነው» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ቀልድ የነበረው ነገር ሲደጋገም ክስ ሆነ። ዳኛ ተብሎ የተመደበው ወጣት ግራ ገባውና ሰው ሁሉ እያየ «እስቲ ገለጥ አድርጊና አሳዪን» አላት። እህታችን መልስ አልሰጠችም። ቦርሳዋን አነሳች፣ ተጋጣሚዋን ይቅርታ ጠየቀችና ወጣች። በውጤት ወረቀቱ ላይ ሽንፈት ተጻፈባት። አዘጋጆቹን ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ አንድ ነበር፦ «ጨዋታ ነው እኮ፣ ምን ታካብዳላችሁ?»

እዚህ ላይ ብናቆም ለእኛ ደስ ይል ነበር። ተበደልን ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ አንባቢም ቶሎ ይስማማል። ነገር ግን የዚያን ቀን ሒሳብ በሙሉ እናወራርድ ካልን የእኛም ዕዳ አለበት። እሱንም ሳንደብቅ እናቀርባለን።

ጥርጣሬም ሥርዓት አለው

መጀመሪያ ለከሳሾቹ ፍትሐዊ እንሁን። በቼዝ ውድድር ውስጥ ማጭበርበር የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። ዛሬ በማንኛውም ሰው ኪስ ያለ ስልክ የዓለም ሻምፒዮኑን የሚያሸንፍ ፕሮግራም ይጭናል። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ በተደረገ ውድድር አንድ የታወቀ ግራንድማስተር መጸዳጃ ቤት ውስጥ ስልክ ሲጠቀም ተይዞ ነበር። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ በምሕጻሩ ፊዴ፣ ማዕረጉን ገፎ ለ6 ዓመት አገደው። ስለዚህ «ማንም አይጠርጠረን» አንልም። ሂጃብ የለበሰችም፣ ኮፍያ ያደረገውም፣ ጃኬት የደረበውም እኩል ሊፈተሹ ይችላሉ።

ጥያቄው እንዴት ይፈተሹ የሚለው ነው። ለዚህ አዲስ ሕግ ማውጣት አያስፈልገንም፤ ተጽፎ ያለ ሕግ አለ። የፊዴ የጨዋታ ሕግ ዳኛው የተጫዋቹን ልብስና ቦርሳ እንዲያስፈትሽ ይፈቅዳል። ሆኖም ፍተሻው ከሰው ዓይን ራቅ ብሎ፣ ከተጫዋቹ ጋር ተመሳሳይ ጾታ ባለው ሰው መደረግ እንዳለበትም አብሮ ይደነግጋል። ይህ ሕግ የወጣው ለሙስሊም ሴቶች ተብሎ አይደለም። ለሰው ልጅ ሁሉ ክብር ተብሎ ነው።

ተመልካቹንም በሚመለከት ሕጉ ግልጽ ነው። አንድ ተመልካች ጥፋት ካየ የሚናገረው ለዳኛው ብቻ ነው። በሌላ ሰው ጨዋታ ላይ አፉን መክፈት አይችልም፤ ከከፈተ ዳኛው ሊያስወጣው ይችላል። ተጋጣሚን በማንኛውም መንገድ ማወክና ማናደድም የተከለከለ ነው። የዚያን ቀን ከእነዚህ ሁሉ አንዱም አልተነበበም። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕጉን የነገረው ስላልነበረ ብቻውን ቀረ። ከሰፈሩ ሴቶች አንዷ ረዳት ዳኛ ብትሆንና ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ትንሽ ክፍል ለፍተሻ ቢዘጋጅ ኖሮ ጉዳዩ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ወጪው ዜሮ ብር ነው። ያጣነው ግን አንዲት ጎበዝ ተጫዋች ነው።

ይህ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም እንወቅ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በፈረንሳይ የሚገኙ ሴት የቼዝ ተጫዋቾች በውድድር ቦታ የሚደርስባቸውን ትንኮሳና ጥቃት በግልጽ ደብዳቤ አውጥተው ነበር። ከፈራሚዎቹ ብዙዎቹ ሂጃብ የሚባል ነገር ለብሰው አያውቁም። ስለዚህ «እንዲህ ስለለበሰች ነው» የሚለው ማመካኛ ውኃ አይቋጥርም። ተመልካቹ በጅልባቧ ባይቀልድ በሌላ ነገር ይቀልድባት ነበር።

የእኛ ዕዳ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ።

በመጀመሪያው ዙር ከወንድሞቻችን አንዱ የሰፈሩን አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ገጠመ። ልጅቷ በቼዝ ወግ መሠረት ተነስታ እጇን ዘረጋች። ወንድማችን ሴት ስለማይጨብጥ ሳይመለከታት ተቀመጠ። አንዲት ቃል አልተናገረም። የልጅቷ እጅ አየር ላይ ቀረ። እናቷ ከኋላ ቆመው ነበር። ፊታቸው ሲለወጥ አየን፤ ግን ማናችንም ሄደን አላስረዳናቸውም። በኋላ እንደሰማነው ልጅቷ «ቆሻሻ መስዬው ነው?» ብላ እናቷን ጠይቃለች። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ዝም አልን።

ይህ ነገር ከእኛ በፊት ዓለም ያየው ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. በኔዘርላንድስ ዋይክ አን ዜ ከተማ በሚካሄደው ታላቅ ውድድር ኡዝቤኪስታናዊው ግራንድማስተር ኖዲርቤክ ያኩቦዬቭ ሕንዳዊቷን ግራንድማስተር ቫይሻሊን ገጠመ። እጇን ስትዘረጋለት ሳይጨብጣት ተቀመጠ። ቪዲዮው ዓለምን አዳረሰ። ግማሹ ሰደበው፣ ግማሹ ደገፈው። እሱ ራሱ ግን ከሁለቱም ወገን የተሻለ ነገር አደረገ። ሙስሊም በመሆኑ ባዕድ ሴት እንደማይነካ አስረዳ፣ ሁኔታውን አስቀድሞ ባለመግባባቱም ይቅርታ ጠየቀ። ቀጥሎ አበባና ቸኮላት ይዞ ሄዶ በአካል ይቅርታ ጠየቃት። እሷም ቅር እንዳላላት ነግራ በደግ ቃል መለሰችለት። አቋሙን አልቀየረም፤ ክብሯንም አልነፈጋትም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። እምነታችን ከተጋጣሚያችን የተለየ ነገር እንድናደርግ የሚጠይቀን ከሆነ አስቀድሞ የመንገር ኃላፊነት የእኛ ነው። ተጋጣሚያችን ፊቅህ አልቀራችም፤ የመድረሳችንን ትምህርት በግምት ልታውቀው አትችልም። እጅን ደረት ላይ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ፣ «እህቴ፣ በእምነቴ ምክንያት አልጨብጥም፤ አክብሮቴ ግን ሙሉ ነው» ለማለት አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ይህ አምስት ሰከንድ ሲጎድል ዲን የነበረው ነገር በሌላው ዓይን ንቀት ይሆናል።

ሁለተኛው ዕዳችን የበለጠ ያሳፍራል። እህታችን ወጥታ ስትሄድ አጠገቧ የነበርነው አልተነሳንም። «ሕጉ ይህን አይልም» ብሎ በሥርዓት የተናገረ አልነበረም። ሁላችንም ሌላው ይናገራል ብለን ጠበቅን። ከደቂቃዎች በኋላ ግን ያ መጀመሪያ ያልጨበጠው ወንድማችን ከሌላ ተጋጣሚ ጋር በዳማ ሲሸነፍ የታመቀው ንዴት ገነፈለ። ሰሌዳውን ገለበጠው፣ ቆርኪዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ፣ ስለ ተጋጣሚው ወገን ያልተገባ ቃል አወጣ። ለእህታችን በቁጥብ አንደበት ሊነገር የሚገባው ነገር በስድብ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ መበደል የሚሰማን ሰው አልነበረም። ከሳሾች ሆነን መቆም ስንችል ተከሳሾች ሆንን።

መሸነፍ ለምን እንዲህ ያመናል? መድረሳ ሳለን ከተማርናቸው ሐዲሦች አንዱ ስለ አድባእ ነው። አድባእ የነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ግመል ናት፤ በሩጫ የሚቀድማት አልነበረም። አንድ ቀን አንድ የገጠር ዐረብ በወጣት ግመሉ መጥቶ ቀደማት። ሶሓባዎቹ ከበዳቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን አልተቆጡም፤ በዚህች ዓለም ከፍ ያለን ነገር ሁሉ አላህ ዝቅ እንደሚያደርገው አስተማሯቸው። ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲሥ ነው። ልብ በሉ፤ የተሸነፈው ባለግመሉ ሳይሆን የከፋቸው ደጋፊዎቹ ናቸው። ደጋፊነት ዛሬም እንዲሁ ነው። ከተጫዋቹ ይልቅ ከኋላ የቆመው ይቃጠላል።

ለምን ኮዬ ፈጬ ላይ ይከብዳል?

አንዳንድ ወንድሞች «በየሰፈሩ በዳማ ሲጣሉ ይውላሉ፤ ይህን ምን ልዩ አደረገው?» ብለውናል። መልሳችን ይህ ነው። ኮዬ ፈጬ ገና በመተዋወቅ ላይ ያለ ሰፈር ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ለባለዕድል ተብለው ነበር፤ ኮዬ ፈጬም ከሳይቶቹ አንዱ ነበር። መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ተቃውሞ አስነሳ፣ የሰፈሩም ስም በአገር ደረጃ መነጋገሪያ ሆነ። ዛሬ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ከተለያየ ክልል፣ ቋንቋና እምነት የመጡ ናቸው። አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከአቃቂ፣ አንዱ እዚያው ከተወለደበት መሬት ነው የመጣው። አንዳንዱ ጎረቤቱን የሚያውቀው በውኃ መዝጊያው ክርክር ብቻ ነው።

በእንዲህ ያለ ሰፈር ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ለአንድ ሰዓት ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ቦታ ስንት ነው? መስጂድ የራሱ ሰው አለው፣ ቤተ ክርስቲያን የራሱ ሰው አለው። ዳማ ግን የማንም ነው። ቋንቋ ባይገጥም እንኳ ቆርኪ ያግባባል። ስለዚህ ሰሌዳ ሲገለበጥ የሚበተነው ቆርኪ ብቻ አይደለም። «እነዚያ እንዲህ ናቸው» የሚለው ወሬ ያን ማታ በየብሎኩ ይደርሳል፤ በበነጋው ሻይ ቤት ይወራል። ለዚህ ነው «ጨዋታ ነው እኮ» የሚለውን የማንቀበለው።

ፎከራ እና ስድብ

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ግን አለ፤ ልናልፈው አንችልም። «ዳማ ያለ ፎከራ ዳማ አይደለም። ዝምታ ከፈለጋችሁ ላይብረሪ ሂዱ» ይሉናል። እውነት አላቸው። ከልጅነታችን ጀምሮ ያየነው ዳማ «በላሁህ!»፣ «ሦስት ጎርሼ ነው የምነግሥ!» እየተባለ ነው። ይህ ቢቀር እኛም ቅር ይለናል።

ወጉ ከድሮም የመጣ ነው። የአገራችን ሰንጠረዥ፣ በነገሥታቱና በመኳንንቱ ግቢ ይዘወተር የነበረው የቼዝ ዓይነት፣ ከዛሬው ዓለም አቀፍ ቼዝ የተለየ ጠባይ ነበረው። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው ተራ የሚጀመረው። ተመልካቹም ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ ይሟገታል። ሪቻርድ ፓንክረስት የጥንት ተጓዦችን ማስታወሻ ሰብስቦ ስለዚህ ጨዋታ ታሪክ ጽፏል።

ነገር ግን ያው ሰንጠረዥ የራሱ የክብር ሥርዓት ነበረው። ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፤ እንዴት እንዳሸነፍክ ይታያል። በኃይለኛ ጠጠር ንጉሥን ማት ማድረግ ብዙም አያስመሰግንም፤ በደካማ ጠጠር፣ በእግረኛው፣ ማት ማድረግ ግን ጭብጨባ ያስገኛል። የተጋጣሚን ንጉሥ ሠራዊቱን በሙሉ ፈጅቶ ራቁቱን ማስቀረትም እንደ ጀግንነት አይቆጠርም ነበር። ጩኸቱ ነበረ፤ ልኩም ነበረ። እኛ ጩኸቱን ወርሰን ልኩን ጥለነዋል።

ታዲያ ፎከራንና ስድብን በምን እንለይ? የምናቀርበው መለኪያ ቀላል ነው። ንግግሩ በሰሌዳው ላይ ስላለው ነገር ከሆነ ፎከራ ነው። ከሰሌዳው ጀርባ ስለተቀመጠው ሰው ከሆነ ስድብ ነው። «ንግሥትህን በላሁ» ፎከራ ነው። «አንተ ገጠሬ» ስድብ ነው። «ወጥመዴ ገባህ» ፎከራ ነው። ስለ ልብሷ፣ ስለ ቋንቋው፣ ስለ ብሔሩ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ እናቱ የሚባል ሁሉ ስድብ ነው፤ እየሳቁ ቢናገሩትም ያው ነው። ሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ አንዱ ሕዝብ ሌላው ላይ እንዳያላግጥ፣ ሴቶችም በሴቶች ላይ እንዳያላግጡ፣ በመጥፎ ቅጽል ስምም እንዳንጠራራ ይከለክላል። ከዚያ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሙስሊም ያለ አይመስለንም።

በዚያ ውድድር ላይ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ በዳማ የሚችላቸው የለም። ሲጫወቱ አዳራሹን በፎከራ ይሞሉታል። ሰው ሁሉ እየተሸነፈላቸው ይስቃል። ቀኑን ሙሉ አንድም ሰው አላስቀየሙም። ምስጢሩን ስንጠይቃቸው «እኔ ከቆርኪው ጋር ነው የምጣላ፤ ከሰውዬው ጋር ምን አለኝ?» አሉን።

ስለ ውርርድና ስለ ሶላት

ስለ ራሱ ስለ ቼዝ ዑለማዎቻችን የተለያየ አቋም አላቸው። ከአራቱ መዝሀቦች ብዙዎቹ ከልክለውታል፤ በሻፊዒ መዝሀብ የታወቀው አቋም ደግሞ የተጠላ ነው የሚል ነው። ይህን ክርክር እዚህ አንፈታውም፤ ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ። የሚገርመው ግን፣ ቀለል ያደረጉት ዑለማዎች ያስቀመጧቸው መስፈርቶች ናቸው፤ ውርርድ እንዳይኖርበት፣ ሶላትን እንዳያሳልፍ፣ ምላስንም ወደ ስድብና ውሸት እንዳይወስድ። ሦስቱም ስለ ጠባይ ናቸው። የዚያን ቅዳሜ ከሦስቱ ስንቱን ጠበቅን?

ውርርድ ነበር። ከተጫዋቾቹ ሳይሆን ከተመልካቾቹ መካከል በለስላሳ የተጀመረው በብር አለቀ። ከእኛ መካከልም «ሚሪንዳ ብቻ ነው» ያለ ነበር። የተበላው ገንዘብ ትንሽ ይሁን እንጂ ያመጣው ጣጣ ትልቅ ነበር። በእህታችን ላይ «ማዳመጫ አለ» ብሎ የጮኸው ሰው በተጋጣሚዋ ላይ ብር አስይዞ እንደነበር ኋላ ላይ ሰምተናል። ቁርኣን ቁማርን በሱረቱል ማኢዳህ ሲከለክል በሰዎች መካከል ጠላትነትና ጥላቻን እንደሚያመጣ ምክንያቱን አብሮ ነግሮናል። እኛ ምክንያቱን በዓይናችን አየነው።

ሶላትስ? ዐስር ሲደርስ አንድ ወንድማችን ሰዓቱን እያስቆጠረ ሄዶ ሰገደ፤ ሲመለስ ዘጠኝ ደቂቃ ተበልቶበት ነበር፣ በጊዜ ተሸነፈ። «ሆን ብለው ነው» ብለን አጉረመረምን። ዳኛው ግን በምን ያውቃል? የሶላት ሰዓት ጠዋት የነገርነው የለም። ብንነግረው ኖሮ ዙሩን በሃያ ደቂቃ ማዘግየት ይችል ነበር፤ ለምሳ እንኳ አዘግይቶ ነበር። ከእጅ መጨበጡ ጋር አንድ ዓይነት ጥፋት ነው። ሳንናገር እንዲገባቸው ጠበቅን፤ ሳይገባቸው ሲቀር ተቀየምን።

ደኅንነት በመልካም ሰው ላይ ብቻ አይቆምም

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በሞስኮ የቼዝ ውድድር ላይ ቼዝ የሚጫወት ሮቦት የሰባት ዓመት ልጅ ጣት ይዞ ሰበረ። ልጁ ሮቦቱ ተራውን ሳይጨርስ ፈጥኖ ጠጠር ሊያንቀሳቅስ ነበር። ከአዘጋጆቹ ወገን የተሰጠው ማብራሪያ ልጁ የደኅንነት ደንቡን አላከበረም የሚል ነበር።

የምህንድስና ተማሪዎች ይህን ማብራሪያ እንዴት ያዩታል? ልጅ ይቸኩላል፤ ይህ የታወቀ ነው። ልጅ እንዳይቸኩል ተስፋ በማድረግ ብቻ የሚሠራ ማሽን ገና ሲነደፍ የተበላሸ ነው። እጅ ሲገባ የሚቆም መሣሪያ፣ ወይም በልጁና በማሽኑ መካከል የሚያርፍ መከለያ ያስፈልገው ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ማሽን የምንማረው ይህን ነው።

ውድድርም ማሽን ባይሆንም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባል። ሰው ይናደዳል፣ ተመልካች ይጮኻል፣ ዳኛ ይሳሳታል። «ሁሉም ጨዋ ይሁን» ብሎ መመኘት ዝግጅት አይደለም። ዝግጅት ማለት ሰው ሲናደድም ጉዳት እንዳይደርስ ማሰብ ነው። ጥቂት ተጨባጭ ነገሮችን እናንሳ። የተመልካቹ ወንበር ከተጫዋቹ ጀርባ ተለጥፎ ነበር፤ ሁለት ሜትር ቢርቅ ሹክሹክታው ጆሮ አይደርስም። ዳኛው አንድ ነበር፣ ሰሌዳው ግን አሥራ ሁለት። ሕፃናት በሰሌዳዎቹ መካከል ይሯሯጡ ነበር፤ የፈላ ውኃ የያዘ የሻይ ማንቆርቆሪያም መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ ነበር። በዚህ በኩል ምንም ሳይደርስ የቀረው በአላህ ጥበቃ እንጂ በእኛ ጥንቃቄ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የመመለሻው ነገር አለ። የመጨረሻው ዙር ከመግሪብ በኋላ ተጠናቀቀ። የቀሩት ሁለት እህቶቻችን በብሎኮቹ መካከል መብራት በሌለበት መንገድ እስከ ታክሲው መያዣ መሄድ ነበረባቸው። የሚያደርሳቸውም የተዘጋጀ ሰው አልነበረም። አንዷ ከዋናው መንገድ እስክትደርስ ከእናቷ ጋር በስልክ እየተነጋገረች ሄደች። ወንድሞች ያኔ ምን ላይ ነበርን? አዳራሹ ውስጥ ስለ ተገለበጠው ሰሌዳ እየተከራከርን። እህቶች ከውድድር የሚቀሩት ቼዝ ስለማይወዱ ነው የምንል ካለን መልሱ እዚህ ነው።

ለሚቀጥለው ውድድር የምንጠይቀው

በሚቀጥለው የሴሚስተር ዕረፍት ውድድሩ ኢንሻአላህ እንደገና ይደረጋል። የሰፈሩ አዘጋጆችም እንድናግዛቸው ጠይቀውናል። እኛ ይዘን የምንሄደው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ሕጉ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ጮክ ተብሎ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይነበብ። የተነካ ጠጠር ይጫወታል፤ ተመልካች ቅሬታውን ለዳኛ ብቻ ይናገራል፤ ስድብ አንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ ጊዜ መሰናበት ነው። ስንሰናበት የእኛም ልጅ እንደ ሌላው ይሰናበታል።

ሁለተኛ፣ ፍተሻ ካስፈለገ ከሰው ዓይን ርቆ፣ ወንድ በወንድ፣ ሴት በሴት ይሁን። ቢያንስ አንዲት ሴት ዳኛ ትኑር።

ሦስተኛ፣ ጠዋት በምዝገባው ሰዓት ሁሉም ተጫዋች ሊታወቅለት የሚፈልገውን ያስመዝግብ። የሶላት ሰዓት የእኛ ነው። የጾም ቀን የክርስቲያን ወንድማችን ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ቤት መድረስ ያለባት እናትም ትኖራለች። እጅ የማይጨብጥ ካለ ጨዋታው ሳይጀመር ለዳኛውና ለተጋጣሚው ይናገር።

አራተኛ፣ ብር ይዞ ተመልካች ወንበር ላይ መወራረድ የተከለከለ መሆኑ ይለጠፍ። በጀመዓችን በኩል «ሚሪንዳ ብቻ» የሚለውም ይቅር።

አምስተኛ፣ የመጨረሻው ዙር ከዐስር በፊት ያልቅ። ካላለቀ ለሌላ ቀን ይተላለፍ። ለሴቶችና ለታዳጊዎች እስከ ታክሲ የሚሸኝ ቡድን አስቀድሞ ይመደብ፤ የማን ኃላፊነት እንደሆነ በስም ይታወቅ።

ስድስተኛው ለራሳችን ብቻ ነው። በደል ስናይ ቀድሞ በሥርዓት የሚናገር አንድ ሰው ከመካከላችን እንምረጥ። ሁሉም ሌላውን ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን አይተናል። ጠንካራ ማለት ታግሎ የሚጥል ሳይሆን በንዴት ጊዜ ራሱን የሚይዝ መሆኑን ከሐዲሥ ተምረናል። ራስን መያዝ ግን ዝም ማለት አይደለም። የዚያን ቀን በመጀመሪያ ዝም አልን፣ ቀጥለን ጮኽን። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ በረጋ ድምፅ እውነትን መናገርን፣ ዘለልነው።

ሳንዘጋ የቀረውን እንንገራችሁ። ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ያ ወንድማችንና ሌሎች ሁለት ሆነን ኮዬ ፈጬ ተመለስን። ወደዚያች ተማሪ ቤት ሄድን። ወንድማችን በር ላይ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያልተናገረውን ተናገረ። እናቷ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ያኔውኑ ብትላት ምን ነበረበት ልጄ?» አሉት። መልስ አልነበረውም። ግቡ ተባልን፣ ቡና ተፈላ፣ ልጅቷም ሰሌዳዋን አምጥታ ወንድማችንን ሁለት ጊዜ አሸነፈችው። የሰፈሩ ዳኛም ስለ እህታችን ሲሰማ ውጤቱን ማስተካከል እንደማይችል፣ ሕጉን ግን አንብቦ እንደሚጠብቃት ነገረን።

ይህን ለእህታችን ነገርናት። ወዲያው እሺ አላለችም፤ አናስገድዳትምም። ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ «መጀመሪያ ሕጉ ሲነበብ ልስማ። ከዚያ እቀመጣለሁ።»

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ሕጉን የሚያነብ ድምፅ ያስፈልገናል። መጥታችሁ ተመዝገቡ፤ ለመጫወት ብቻ ሳይሆን ለመዳኘት፣ ወንበር ለመደርደር፣ ሰው ለመሸኘትም።